ያልደረቀ ወለል

ያን ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። ግንባታ ሁሉ ቆመ። አሸዋ የሚያመጡት መኪናዎች ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረው ቀሩ። መጀመሪያ ሬዲዮናችን ተሸጠ፤ ቀጥሎ የእናቴ የክት ጫማ። አባቴ ወለል አንጣፊ ነበር። ሰው ቤት ገብቶ፣ ተንበርክኮ፣ ሲሚንቶ ያፈሳል፣ ሸክላ ይደረድራል። ሥራ ጠፍቶ ከርሞ በመጨረሻ አንድ ተገኘ፤ ጣሪያው ባለቀ ፎቅ ላይ፣ ሦስተኛ ደርብ። አባቴ የሸክላ ካርቶን ተሸክሞ ሲወጣ እርጥቡ ደረጃ አዳለጠው። ካርቶኑን አልለቀቀም። በቀኝ ጉልበቱ ወደቀ።

ሲያነሱት "ሸክላው ተርፏል" አለ አሉ። ጉልበቱ ግን አልተረፈም።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የቀለም ሽታ ነበር። እናቴ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ተነሺ እንደሚሏት ሰው ተቀምጣለች። ቀዶ ሐኪሙ ትከሻው የጎበጠ ረጅም ሰው ነበር፤ እጁን እያደራረቀ ወጣ።

"የጉልበቱ ሎሚ ለሁለት ተከፍላ ነበር" አላት። "ገጥመን በሽቦ አስረናታል። ትይዛለች። ግን እመቤት፣ ስንከፍተው ውስጡ ከስብራቱ በፊትም ያለቀ ነው። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጭ መሀል ላይ የሚኖረው ልስላሴ ተበልቷል። ሰውዬው ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ጉልበት ነው።"

"ሥራው መንበርከክ ነው፣ ዶክተር።"

"አይቻለሁ። ቆዳው እንደ ተረከዝ ጠጥሯል።"

እኔ የገባኝ በገባኝ ልክ ነው። የአባቴ ጉልበት ሲሰበር የአንድ ሽማግሌ ጉልበት አምጥተው፣ መሀሉ ላይ ሎሚ ከትተው፣ በሽቦ አስረውለታል። ቤት ከገባን በኋላ ሽማግሌው ጉልበቴን መልሱ ብሎ ይመጣ እንደሆነ እያልኩ በር በሩን አይ ነበር። አሁን የራሴ ጉልበት ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ሲንቀጫቀጭ ሐኪሙ ምን ማለቱ እንደነበር እሰማዋለሁ። ሽማግሌው መጣ፤ ትንሽ ዘገየ እንጂ።

አባቴ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጄሶ ተደርጎለት ተኛ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጄሶው ሲነሳ እግሩ ቀጥኖ፣ ነጥቶ፣ የሌላ ሰው እግር መስሎ ወጣ። ከጉልበቱ በላይና በታች የተሰፋው ጠባሳ ቀይ ነበር።

ሐኪሙ "ከእንግዲህ ቀስ እያልክ እጠፈው" አለው። "በየቀኑ። ያምሃል፤ ቢያምህም እጠፈው።"

"እሺ፣ ዶክተር።"

አባቴ እሺ ማለት አይቸግረውም። ለአሠሪም እሺ ይላል፤ ከዚያ የራሱን ይሠራል።

ቤት ስንደርስ እግሩን ትራስ ላይ ዘርግቶ እናቴን ጠራት።

"ሐኪሙ አጥንት ያውቃል" አላት። "እኔ ደግሞ የሚጠነክር ነገር አውቃለሁ። ትናንት የፈሰሰ ወለል ላይ ይኬዳል?"

"አይኬድም።"

"ይነቃነቃል?"

"ኧረ ምን ቆርጦት!"

"ታዲያ ትናንት የታሰረ አጥንት እንዴት ይታጠፋል? ገና አልያዘም እኮ።"

እናቴ የወለል አንጣፊ ሚስት ናት። ነገሩ ልክ መሰላት። አዲስ የፈሰሰ ሲሚንቶ ቶሎ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጆንያ ይለብሳል፤ እሷም ጠዋትና ማታ ፎጣ እያራሰች ጉልበቱ ላይ ታለብሰው ጀመር። እኔም ሥራዬን አውቅ ነበር። ወለል የሚሠራው ከዳር ግድግዳ ተጀምሮ፣ ወደ በሩ እየተፈገፈገ ነው። አባቴ በሩ ላይ ሲደርስ ይነሳና አርጩሜ ሰጥቶኝ "ዘብ ቁም" ይለኛል። ውሻ ቢመጣ፣ አሠሪው ራሱ ቢመጣ፣ ማንም እንዳይረግጠው። አሁንም አርጩሜዬን ይዤ አልጋው እግርጌ ተቀመጥኩ። ድመቷ እንኳ እዚያ ጉልበት አጠገብ አልደረሰችም።

ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ "ተሻለህ?" ይለዋል።

"እየጠነከረ ነው።"

እውነቱን ነው፤ ጠንክሮ ነበር።

ቀጠሮው ደርሶ ሆስፒታል ስንሄድ አባቴ ያን እግሩን እንደ ሳንቃ እየጎተተ ነበር። እኔን በሩ ላይ ተዉኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። የሐኪሙ ድምፅ ሲጮህ ሰማሁ፤ ቃሉ ግን እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው። "...ሽቦው ይበጠሳል..." "...እንደገና ይሰበራል..." "...እንጨት..." ደግሞ "ሲሚንቶ አይደለም!" የሚል። አባቴ ሲወጣ ፊቱ የጄሶ ቀለም ነበረው።

እኔ እንዲህ ብዬ ያዝኩት፦ ያ ጉልበት ከታጠፈ ሽቦው ይበጠሳል፣ አጥንቱም ይሰበራል፤ ሐኪሙ አስጠንቅቋል።

ሐኪሙ ያለው ግልባጩን ነው። እናቴ ካደግኩ በኋላ ነገረችኝ። ውስጡ በጠባሳ ተጣብቆ ደንድኗል፤ አጥንቱ ይዟልና አሁን በየቀኑ ካልታጠፈ እንዲሁ ደርቆ ይቀራል። ወር ጠብቀው ካልሆነ አደንዝዘው በኃይል ሊያጥፉት ነው፤ ያኔ ሽቦው ሊበጠስ፣ ሎሚዋም ዳግም ልትሰበር ትችላለች። ያንን ካልፈለገ ዕድሜ ልኩን እንጨት እግር እየጎተተ ይኖራል። እንጨት እግር ያለው ሰው ወለል አይሠራም። አባቴ ሌላ ሙያ አልነበረውም፤ እኛም ሌላ አባት አልነበረንም።

በነጋታው ከሰዓት እኔ መጋረጃው ወዲያ ማዶ ነበርኩ። እናቴ ልትሞክር ነው። አልጋው ሲንቋቋ፣ አባቴ አንዴ ሲያቃስት ሰማሁ። ከዚያ የእሷ ለቅሶ።

"አልችልም። እንደ በግ እያየኸኝ እንዴት ብዬ?"

"ዓይኔን እጨፍናለሁ።"

"ብትጨፍንም ያው ነህ።"

እናቴ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። 

"በቃ፣ እህትሽን ጥሪያት" አለ አባቴ።

"ማንን?"

"ስንት እህት ነው ያለሽ? የሊጧን እመቤት።"

"አንተ! ከእሷ ጋር ከተነጋገርክ ስንት ጊዜህ ነው?"

"ለዚህ እኮ ነው። የሚወደኝ ሰው አይሆነኝም። እዚህ አገር እንደ እሷ የሚጠላኝ የለም።"

እናቴ እያለቀሰች ሳቀች አሉ። እኔ ሳቁን ከለቅሶዋ አልለየሁትም። የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ በጣም የምትጠላው ሴት ልትመጣ ነው።

አክስቴ ዳቦ ቤት ሊጥ ታቦካለች። ማታ ገብታ ጠዋት ትወጣለች። ክንዷ እንደ ሌላ ሴት ባት ነው። ፀጉሯ ሥር ዱቄት አይጠፋም፤ ስትስመኝ እርሾ እርሾ ትሸተኛለች። አባቴ እናቴን ሊያገባ ሲጠይቅ ሰው ፊት "እህቴን ለተንበርካኪ አልሰጥም" ብላዋለች። እሱም "ሊጥ ውስጥ ተነክራ የምትውል ሴት ስለ ማዕረግ ታወራለች" ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ካልሆነ አይተያዩም፤ እዚያም ቢሆን በአገጭ ነው የሚሳለሙት።

ከሥራ ስትወጣ፣ ነጭ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ ቤታችን ገባች።

"የታል ተንበርካኪው?"

"ተጋድሜያለሁ።"

"ደግ ነው። መንበርከክ ሲያቅትህ ጊዜ እኔ ትዝ አልኩህ።"

"እትዬ፣ እንደው ዛሬ እንኳ..." አለች እናቴ።

"አንቺ ልጅ፣ ሙቅ ውኃና ፎጣ አምጪና ከዚህ ጥፊ።"

በሙቅ ፎጣ ጉልበቱን ጠቀለለችው። ከዚያ ጭኑን በሁለት እጇ ታሸው ጀመር፤ እየጨመቀች፣ እየገለበጠች፣ አልፎ አልፎም እየመታች። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። አንድ እጇን ከጉልበቱ በላይ፣ ሌላውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አደረገች።

"ተንፍስ።"

ገፋች።

አባቴ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። መዶሻ አውራ ጣቱን ሲመታው እንኳ ይስቃል። አሁን የወጣው ድምፅ የእሱ አልመሰለኝም።

"እንደ ሰው ጩህ፤ እንደ ፍየል አትጩህብኝ" አለችው።

"አንቺ ሴትዮ ልብ የለሽም?"

"አለኝ። ዳቦ ቤት ጥዬው ነው የመጣሁት።"

"ተይ! በቃ! ተበጠሰ!"

"የተበጠሰ የለም። ከምትጮህ ቤቶቹን ንገረኝ። ወለላቸውን የሠራህላቸውን።"

"የ... የፋርማሲው።"

"ሌላ!"

"የጥርስ ሐኪሙ ሳሎን።"

"ሌላ!"

"የትምህርት ቤቱ... ወይኔ እናቴ... ኮሪደሩ።"

"ሌላ! ሌላ አለ፣ አውቃለሁ!"

መጋረጃው ሥር ተኝቼ እንባዬ መሬቱን አራሰው። ሰው ሲሠቃይ የጓደኞቹን ስም እንደሚያወጣ ትልልቅ ልጆች ነግረውኝ ነበር። አባቴ እያወጣ ነው። በማግስቱ ፋርማሲስቱ ታስሮ እንደሆነ ላይ ሮጥኩ። ቆሞ ሽሮፕ ይሸጣል። ገና አልደረሱበትም አልኩ።

ስትጨርስ ፎጣዋን አጥፋ ወጣች። ጓሮ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብላ ፊቷን ታጠበች። ታጠበች፣ ታጠበች፤ ውኃው እየፈሰሰ ዝም ብላ ትቆማለች፣ ደግሞ ትታጠባለች። ብዙ ስለደከመች ነው ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። ይድከማት።

ስታለቅስ ነበር። እናቴ ታውቅ ነበር፤ አባቴ እስኪያረጅ ድረስ አላወቀም፤ ያኔ የነገርኩትም እኔ ነኝ። ሌላም ያላየሁት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ከመምጣቷ በፊት አክስቴ ከሥራዋ በቀጥታ ሆስፒታል ሄዳ፣ የእግር እንቅስቃሴ የሚያሠራው ሰው እስኪመጣ በር ላይ ተቀምጣ፣ የት እንደሚያዝ፣ እስከ የት እንደሚገፋ፣ የቱ ሕመም ደህና የቱ መጥፎ እንደሆነ ተምራ ነው የመጣችው። ሰውዬው በሳምንት አንድ ቀን እንጂ ለአንድ በሽተኛ ጊዜ አልነበረውም። የቀረውን ቀን ሁሉ እሷ ያዘችው። ሌሊቱን ሊጥ፣ ጠዋቱን የአባቴን እግር። መቼ እንደምትተኛ ማንም አልጠየቃትም።

ጠዋት ጠዋት ስትመጣ የእርሾው ሽታ ከእሷ ቀድሞ ይገባል። እኔም ያን ሽታ ስሰማ መጋረጃው ሥር እገባለሁ። እስከ ዛሬ ዳቦ ቤት ስገባ ትንሽ ቆም እላለሁ።

አንድ ጠዋት የአባቴን የመሣሪያ ሣጥን አስከፈተች። ከውስጡ ስኳድራውን አወጣች፤ ግንበኛና ወለል አንጣፊ የግድግዳን ማዕዘን ቀጥ ማለቱን የሚያይበትን ባለ ሁለት ክንድ ብረት።

"ሐኪምህ ጉልበትህ እስከዚህ ማዕዘን ድረስ ከታጠፈ ዳንክ ብሏል" አለችው። "አንተ ደግሞ ከዚህ ብረት ሌላ የምታምነው ነገር የለም። እስቲ እንለካህ።"

ብረቱን ከእግሩ ጎን አስደገፈችው። ብዙ ይቀረው ነበር። እግሩ አንዱን ክንድ ተከትሎ ሲወርድ ከሌላው ርቆ ይቀራል።

"እስከዚያ ድረስ?" አለ አባቴ።

"እስከዚያ ድረስ።"

ገፋች። አባቴ ጮኸ። እኔ የማየው ብረቱን ነው። ስኳድራ የሚቆረጥ ነገር የሚለካበት ነው፤ ሸክላ ከመቁረጡ በፊት አባቴ በእሱ ነው የሚያሰምረው። እግሩን ልትቆርጠው ነው! አርጩሜዬን ይዤ ከመጋረጃው ወጣሁና ጀርባዋን መታሁ። ዝንብ ያረፈባት ያህል እንኳ አልዞረችም። አርጩሜውን ጥዬ ክንዷ ላይ ተሰቀልኩና ነከስኩ። ጨው ጨው አለኝ፤ ቀጥሎ የደም ጣዕም።

"እትዬ! ልጁ!" አለች እናቴ በሩ ላይ።

"ይንከስ" አለች አክስቴ። እጇ ከቁርጭምጭሚቱ ንቅንቅ አላለም። "አሁን ከለቀቅኩ የዛሬው ሁሉ ከንቱ ነው። አንተ ተንፍስ። አንተም ልጅ፣ ስትነክስ በአፍንጫህ ተንፍስ፣ እንዳትታፈን።"

አባቴ፣ በዚያ ሥቃይ መሀል፣ ሳቀ። ሲስቅ ሰውነቱ ላላ። እግሩ ወረደ። ልክ ማዕዘኑ ላይ ባይደርስም አንድ ጣት ያህል ወረደ።

"እየው!" አለች። "ከእኔ ይልቅ ጥርሱ ሠራ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ጥርሶ" ሆኖ ቀረ። ክንዷ ላይ ጠባሳው ጨረቃ መስሎ ሲወጣ ዳቦ ቤት ለጠየቃት ሁሉ ምድጃ ነው ትላለች።

ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳኝም። በዚያ ዘመን ለልጅ አይብራራም። አባቴ ግን በማግስቱ ጠራኝና እጄን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ሙቀቱ ይሰማል። ከቆዳው ሥር የሽቦው ጫፍ እንደ ሩዝ ፍሬ ጎርበጥ ይላል።

"ደርቋል" አለኝ። "ወለሉ ደርቋል። አሁን ሊረገጥ ይገባል። ዘብህን ጨርሰሃል።"

አላመንኩትም። አስገድዳው ነው ያለው አልኩ።

ዝናቡ መሳሳት ሲጀምር፣ ከጠዋቶቹ በአንዱ፣ እግሩ ከስኳድራው ሁለት ክንዶች ጋር ተገጣጠመ። አክስቴ ብረቱን አነሳች፣ መልሳ አስጠጋች፤ አላመነችም። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አባቴ ወደ ታች፣ ወደ እግሩ ብቻ ነው የሚያየው።

"እትዬ" አለ። እትዬ ብሏት አያውቅም። "ብድርሽ አለብኝ።"

"አለብህ" አለች። ሽርጧን እየፈታች ነበር። "እኔ እንደሆንኩ አልረሳም። አሁን ልሂድ፤ እንቅልፌ መጣ።"

ሐኪሙ ሲያየው ትከሻውን ቀና አድርጎ እየሳቀ "ማን ነው የሠራልህ?" አለው። አባቴም "አንዲት ጠላት አለችኝ" አለ። ሐኪሙ ሁለተኛ በቀኝ ጉልበቱ እንዳይንበረከክ ከለከለው። ከዚያ በኋላ አባቴ በግራው ብቻ ተንበርክኮ፣ ቀኙን ወደ ጎን አጥፎ ሠራ። ዘገምተኛ ሆነ፤ ግን ሠራ። ያደግነው በዚያ ነው።

እሱና አክስቴ ስድባቸውን አልተዉም። "ተንበርካኪው" ትለዋለች፤ "የሊጧ እመቤት" ይላታል። የተለወጠው ነገር አንድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሊሰዳደቡ ሲሉ አንዳቸው ሌላኛቸው ቤት መሄድ ጀመሩ።

ዓመታት ሄዱ። አክስቴ ሲሚንቶ ወለል ላይ ቆማ ባቦካችው ሊጥ ልክ ጉልበቷ አለቀ። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ተወች፤ ቀጥሎ ገበያ፤ ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ። እግሮቿ ወደ ውጭ ጎበጡ። የአጥንት ሐኪሞቹ የሁለቱን ጉልበት የተበላ ጫፍ ቆርጠው ብረትና ፕላስቲክ አለበሱላት፤ መጀመሪያ የግራውን፣ ከርሞ የቀኙን። የግራው ደህና ሆነ። የቀኙ ደነደነ። ቤት ውስጥ ያለችው ልጇ ናት፤ እሷም እናቷን ልታጥፍ ሞክራ፣ ስትጮህባት ወጥታ ሄደች። እኔ ጋ ደወለች። አባቴ ያኔ ሰባውን አልፎ ነበር።

"ጠራችኝ?" አለኝ።

"ልጇ ናት የደወለችው።"

"እሷስ?"

"እንዳይመጣ ብላለች።"

"እንግዲያውስ ልሂድ" አለና ኮቱን አነሳ።

እንደ እሷ በሆስፒታሉ በኩል ነው የሄድነው። አንዲት ወጣት ባለሙያ እጁን ይዛ የት እንደሚያርፍ አሳየችው። ሦስቴ አስደገማት። የአክስቴ ቤት ስንደርስ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ እግሯ እንደ ሳንቃ ተዘርግቷል።

"አንተን ማን ጠራህ?"

"የሚጠላሽ ሰው ያስፈልጋል አሉ።"

"አንተ አትችልም። ልብህ ቡቡ ነው።"

"ተንፍሺ" አላት።

ገፋ። አክስቴ እንደ አባቴ አልጮኸችም፤ ተሳደበች። የአባቱን አባት ከመቃብር አስነስታ ሰደበችው። እጅህ ጠጠር ነው አለችው። ብረቱን ትሰብረዋለህ አለችው።

"አይሰበርም። ጠይቄያለሁ።"

"ጅብ! ሽማግሌ ጅብ!"

"ሌላ?"

"አሁንስ ያንን ግራ ጉልበትህን በመዶሻ!"

ልጇ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። እኔ አልወጣሁም። በልጅነቴ የማየው እጆችን ብቻ ነበር፤ የሚገፉትን። አሁን ጎልማሳ ሆኜ የአባቴን ፊት አየሁ። እንባው አፍንጫው ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ እጁ ግን አይለቅም። እሷ ዓይኗን ጨፍናለች፤ አላየችውም። ስንመለስ መኪና ውስጥ "ስንት ቀን ይህን ታገሠች?" አለ። ያኔ ነው እሷም ስታለቅስ እንደነበር የነገርኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በየቀኑ ሄደ። ዝናብ ቢሆን ሄደ፤ ጉንፋን ቢይዘው ሄደ።

አንድ ቀን ስንገባ አልጋው ላይ አልነበረችም። ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ከፊቷ አድርጋለች። ልጇ ልታጠልቅላት ጎንበስ ስትል "ተይኝ!" አለቻት። ቀኝ እግሯን ቀስ አድርጋ ሳበች። ጉልበቷ ታጠፈ፤ ተረከዟ ወንበሩ ሥር ገባ። ጎንበስ አለች። ጣቶቿ ያበጡ ናቸው፣ ክሩ ያመልጣታል። አባቴ ሊረዳት አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። ጠበቀ። ክሩ አመለጠ፤ ደግማ ያዘችው፤ አሰረችው። ቀና ስትል ፊቷ ቀልቷል።

"እትዬ" አላት አባቴ። "ከፈልኩ?"

አየችው። ከጫማው እስከ ራሱ አየችው።

"ከፍለሃል" አለች። "እንዲያውም አብዝተኸዋል። ከዛሬ ወዲያ እዚህ ቤት ስትመጣ እጅህን ኪስህ ውስጥ ከትተህ ና።"